የባሕር ልጃገረድና ጅቡ ሰው፤ የልጅነት አሻንጉሊት ከደሃና ሲታይ

የልጅነት አሻንጉሊት ናፍቆት እንደ ተራ ስሜት ተቆጥሮ ይታለፋል። ሆኖም ሐያሲ ሊያልፈው የማይገባ ጉዳይ ነው። ከወገቧ በላይ ልጃገረድ፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነችው፣ ጠጉሯ የሚበጠርላት የፕላስቲክ አሻንጉሊት በከተማ ያደገ ሰው በፍቅር ከሚያስታውሳቸው መጫወቻዎች አንዷ ናት። ባለቤቷ ካደገም በኋላ ከኅሊናው አትወጣም፤ ከእርሷ ተነሥቶ ክንፋም ፈረስና እሳት የሚተፋ ዘንዶ ወደሚኖሩበት የምናብ ዓለም ይሻገራል። ናፍቆቱ እውነተኛ ነው። መጠየቅ ያለበት የተናፈቀው ምኑ እንደ ሆነ ነው።

የዴንማርኩ ደራሲ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1837 ያሳተመው የባሕር ልጃገረድ ተረት ለመጫወቻ የሚመች አልነበረም። ልጅቱ እግር ለማግኘት ምላሷን ታስቈርጣለች፤ በእያንዳንዱ እርምጃዋ በስለት ላይ የምትሄድ ያህል ትሠቃያለች፤ የወደደችው ልዑል ሌላ ያገባል። የዋልት ዲስኒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ፊልም ግን ታሪኩን በሠርግ ፈጸመው። በየሱቁ የተሰቀለችው አሻንጉሊት ይበልጡን የፊልሙ ልጅ ናት። ገበያው ጅራቷን ወሰደ፤ የተቈረጠ ምላሷን ተወ። ልጁ በእጁ የያዘው እንግዲህ ሌላ ሰው አስቦ፣ ሌላ ሰው ቀብቶ፣ ሕመሙን አስወግዶ የጨረሰውን ነገር ነው።

ይህች ፍጡር ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው ግን በፕላስቲክ ብቻ አይደለም። በጥንት ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ ስለ እርሷ ይናገራል። በዚያ ግን ዓሣ አይደለችም፤ ከወገቧ በታች ወፍ ናት። የዓሣ ጅራት የተቀጠለላት ኋላ፣ በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ አውሮፓ መጻሕፍት ነው። ከዚህ የሚደንቀው በመጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 19 የሚታየው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግብጽ ውስጥ የተገኘው የግሪክ ቅጂ፣ መላእክትን ያሳቱት ሴቶች ሲሬኖች፣ ማለትም እነዚህኑ ዘማሪ ፍጡራን፣ እንደሚሆኑ ይናገራል። የግዕዙ ንባብ ግን «ሰላማውያን» ይላቸዋል። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት በግሪክ የሲሬን ስምና የሰላም ቃል በድምፅ ስለሚቀራረቡ አንዱ በሌላው ተነብቧል። በአንዲት ቃል ንባብ አውሬይቱ ከገጹ ጠፋች፤ በቦታዋ ሰላም ተቀመጠ። ለገጣሚ ከዚህ የተሻለ ስሕተት አይገኝም።

ከመጻሕፍቱ ወደ ሕዝቡ ኑሮ ሲወረድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በዋግ ኽምራ፣ ዋና ከተማው አምደ ወርቅ በሆነው በደሃና፣ ልጅ የሚያድገው ከባሕር ርቆ ነው። ተከዜ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይፈሳል፤ ዝናሙም እምነት አይጣልበትም። በሰሜኑ ደጋ ከብት ጠባቂ ልጅ መጫወቻውን የሚያበጀው ከጭቃ ነው፤ በሬ ይሠራል፣ ቀንድ ያወጣለታል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ክረምት መልሶ ጭቃ ያደርገዋል። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ገና ይሠራል። የዚህ ልጅ ናፍቆት ኋላ ሲመጣ ከዕቃ ይልቅ የጣት ናፍቆት ነው። (በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በዋግ አጠገብ ሐይቅ ፈጥሯል፤ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ዓሣ ይጠመዳል። የጭቃ ዓሣ እንግዲህ ሩቅ ላይሆን ይችላል።)

የጎረቤት ላስታ ጠራቢዎች በላሊበላ ቤተ ማርያም ላይ ከዘንዶ ጋር የሚዋጉ ፈረሰኞችን በድንጋይ ቀርጸዋል። በምድጃ ዳር፣ በአማርኛም በኽምጣናም፣ ተረት ይነገራል፤ ሰው በላው ጭራቅ በአማርኛው ተረት የታወቀ ነው። አያ ጅቦም አለ፤ ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ ጦጣ ታታልለዋለች፣ ልጅ ይስቅበታል።

ምድጃው ጠፍቶ ሌሊቱ ሲበረታ ግን ሌላ ጅብ አለ። በሰሜኑ ደጋ ሲወርድ ሲዋረድ በኖረው እምነት መሠረት ቡዳ የተባለ ሰው በሌሊት ጅብ ይሆናል። ይህም ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ ነው፤ በቅርጹ ከባሕር ልጃገረድ ጋር ዘመድ ነው። በይዘቱ ግን አይገናኙም። ዓሣዋ ልጃገረድ የምትኖረው ማንም ጎረቤት በሌለበት ባሕር ነው። ጅቡ ሰው አድራሻ አለው፤ ቤቱ ከመንደሩ ዳር ነው፤ ገል ይሸጣል፣ ማረሻ ይቀጠቅጣል። ስሙ በሸክላ ሠሪውና በቀጥቃጩ ላይ ተለጥፎ ኖሯል። ከእርሱ ጋር አይጋቡም፤ ሕፃን ቢታመም ዓይኑ ይጠረጠራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ መሬት ሲፈቅድ ለሸክላ ሠሪውም በር ከፈተ፤ ስሙን ግን አዋጅ ሊያነጻለት አልቻለም።

እዚህ ላይ ወለቃን ማስታወስ ይገባል። በጎንደር አጠገብ ባለችው በዚያች መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ትንንሽ የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር፤ አብዛኛው ማኅበረሰብ በ1977 ዓ.ም. እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄዷል። እንግዳ የሴቲቱን ምስል ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያኖራል። ጎረቤቷ ግን ሴቲቱን ራሷን ጅብ ነሽ ይላታል። ምስል ሠሪዋ በሌላ ሰው ምናብ ውስጥ ራሷ ምስል ሆናለች።

እንግዲህ ምናባዊ ፍጡራንን ወደ መድረክና ወደ ልጆች መጽሐፍ እንመልስ የሚሉ ወገኖች ይህን ሸክም ሳይቈጥሩ ሊነሡ አይገባም። «ከባሕር ማዶ ከመጣችው አሻንጉሊት የራሳችን ጅብ ይሻላል» ማለት በአፍ ቀላል ነው። የራሳችን ጅብ ከበታቹ ሕያው ሰው አለበት። በአንጻሩ ሁሉንም ጎጂ ልማድ ብሎ በአንድ መጥረጊያ የሚጠርግ ሰው አያ ጅቦንም አብሮ ይጥላል፤ ለልጁ የሚተርፈው ከሱቅ የተገዛችው ልጃገረድ ብቻ ትሆናለች። ሁለቱም ወገን አንድ ጉድለት አለበት፤ ስለ ሸክላው ሲናገር ሸክላ ሠሪዋን አይጠይቃትም።

ተውኔት እዚህ ላይ የሚሠራው አለው። ጅቡን ሰው በመድረክ የሚያቀርብ ጸሐፌ ተውኔት ጭምብሉን በተከሳሹ ፊት ላይ ካጠለቀው፣ ቃለ ተውኔቱ ምንም ያህል ቢቃወም፣ ዓይን ክሱን አጽድቆ ይወጣል። ተመልካች ከሰማው ይልቅ ያየውን ያምናልና። ጭምብሉ ከከሳሹ እጅ መውጣት አለበት፤ ሲሠራው፣ ሲቀባው፣ በጎረቤቱ ፊት ላይ ሊያጠልቀው ሲታገል ይታይ። ሸክላ ሠሪዋ እስከ መጨረሻው ባዶ ፊቷን ትቁም። በትምህርት ቤትም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። የደሃና መምህር ለእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጭቃ ሲያስመጣ፣ ጭቃውን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ሴት በመንደሩ ዳር አለች። ትጠራ፤ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ትቀመጥ፤ ልጆቹም በሬውን፣ ጅቡን፣ ከፈለጉም ባለ ጅራቷን ልጃገረድ ከእጇ እያዩ ይሥሩ። ወላጅ ልጁን ከዚያ ክፍል ያስቀረ እንደ ሆነ፣ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ የሚቀጥለው ተውኔት ጭብጥ ተገኘ ማለት ነው።