በቃል የሚለካ ልብ ወለድ፦ በጸሐፊዎች ሳምንታዊ የሥራ ዘገባ ላይ የቀረበ ሂስ

1. መነሻ

ልብ ወለድ የሚጽፉ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው ወይም በጽሑፍ እየተላላኩ፣ ባለፈው ሳምንት የሠሩትን መናገራቸውና ለሚመጣው ያሰቡትን ማሳወቃቸው በብዙ አገር የተለመደ ነው። ዘገባው አጭር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይይዛል፤ ምን ታቅዶ ነበር፣ ምን ተሠራ፣ ቀጥሎስ ምን ይሠራል። ጥቅሙ አያከራክርም። ልብ ወለድ ዓመታት የሚፈጅ የብቸኝነት ሥራ በመሆኑ ጸሐፊው ምስክር ያስፈልገዋል፤ ለሰው የተነገረ ቀጠሮም ለራስ ብቻ ከተያዘው ይልቅ ይከበራል።

ስለዚህ እዚህ የሚቀርበው ሂስ በልማዱ ላይ አይደለም። ሂሱ የሚያርፈው ልማዱ ይዞት በመጣው መለኪያ፣ ማለትም በቃል ቆጠራ ላይ ነው። ቃል በእንግሊዝኛ የሥራ መስፈሪያ ሆኖ ሊያገለግል ይችል ይሆናል። በአማርኛ ግን፣ በአካባቢው በሚነገሩ ሌሎች ብዙ ቋንቋዎችም ጭምር፣ ያው መስፈሪያ ሦስት ጉዳት ያደርሳል፤ የጸሐፊውን ድካም ያሳንሳል፣ ሳምንትን ከሳምንት ለማነጻጸር አያስችልም፣ ዐረፍተ ነገሩንም ወደ ልልነት ይገፋዋል። የመጨረሻው ጉዳት ከሁሉ ይከፋል፤ ከዘገባው አልፎ መጽሐፉ ውስጥ ይገባልና።

2. መስፈሪያው ከየት መጣ

የሥራን መጠን በየሳምንቱ መዝግቦ ራስን መቆጣጠር አዲስ ነገር አይደለም። በፖስታ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረውና 47 ልብ ወለዶችን የጻፈው እንግሊዛዊው አንተኒ ትሮሎፕ፣ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ አሠራሩን ገልጦታል። አዲስ መጽሐፍ ሲጀምር በሳምንታት የተከፈለ መዝገብ ያዘጋጅና በየዕለቱ የጻፈውን የገጽ ብዛት ያሰፍርበታል። በአማካይ በሳምንት 40 ገጽ ይጽፍ ነበር፤ አንዳንዴ ወደ 20 ዝቅ፣ አንዳንዴም ወደ 112 ከፍ ይላል። ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ የሚስበው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ትሮሎፕ «ገጽ» የሚለው ስያሜ ቁርጥ ያለ መጠን እንደሌለው ተረድቶ ገጹን 250 ቃል እንዲይዝ ወሰነው፤ ቃሉንም እየጻፈ ቆጠረ። የገጽን አሻሚነት በቃል አረመው እንጂ ቃል ራሱ አሻሚ መሆኑ አላሳሰበውም። በአንድ ቋንቋ ብቻ ለሚጽፍ፣ ከራሱም ጋር ብቻ ለሚፎካከር ሰው ሊያሳስበውም አይገባም ነበር።

መስፈሪያው ከአንድ ሰው መዝገብ ወጥቶ የጋራ ግብ የሆነው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ በክሪስ ቤቲ አነሣሽነት 21 ሰዎች የጀመሩት «ናኖራይሞ» በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የልብ ወለድ መጻፊያ ወር ግቡን 50,000 ቃል አደረገ። ይህም በ30 ቀን ሲካፈል በቀን 1,667 ገደማ ይሆናል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ዛሬም ግን የቃል ግብ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ይኸው ቁጥር ነው።

በመካከሉ ሌላ ዓይነት ዘገባም ነበር። ጆን ስታይንቤክ «ከኤደን በስተ ምሥራቅ» የተባለውን ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1951 ሲጽፍ፣ በደብተሩ በአንዱ በኩል ታሪኩን፣ በሌላው በኩል ለአርታኢው ለፓስካል ኮቪቺ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። በደብዳቤዎቹ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ስሜቱ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለሚቀጥለው ትዕይንት ያወራል። ይህም ሥራን ለሌላ ሰው ማሳወቅ ነው፤ ነገር ግን ቁጥር የዘገባው አካል እንጂ ዘገባው ራሱ አልነበረም።

3. አራት ቃልና ስምንት ቃል

የሚከተለው ዐረፍተ ነገር በማንኛውም የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

ሀ. እንደማትመጣ ስላልነገረችኝ እስኪመሽ ጠበቅኋት።

በቦታ ክፍተት ሲቆጠር አራት ቃል ነው። ሐሳቡ ሳይጓደል ወደ እንግሊዝኛ ቢመለስ 19 ያህል ቃል ይወስዳል። ምክንያቱ ለዚህ መድረክ አንባቢ ግልጽ ነው፤ «ስላልነገረችኝ» የሚለው አንድ ቃል ምክንያት አመልካቹን፣ አሉታውን፣ ግሱን፣ ባለቤቷንና ተሳቢውን አንድ ላይ ይዟል። የትግርኛው «ስለዘይነገረትኒ» እንዲሁ አንድ ቃል ነው። «አይነግሩንም» የሚለውን ስዋሂሊም «ሃዋታቱአምቢያ» ብሎ በአንድ ቃል ይጨርሰዋል፤ እንግሊዝኛ ግን አምስት ይፈልጋል። እንግዲህ በዋሽንግተን ወይም በለንደን ሆኖ በእንግሊዝኛ ከሚጽፉ ጓደኞቹ ጋር ሳምንታዊ ዘገባ የሚለዋወጥ የአማርኛ ጸሐፊ ቢኖር፣ እኩል ሠርቶ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የቀረ ይመስላል።

«ጸሐፊው ራሱን ካለፈው ሳምንት ሥራው ጋር ብቻ ቢያወዳድር ችግሩ ይወገዳል» የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ከሁለተኛው ምሳሌ ፊት አይቆምም።

ለ. ልጁ ዝም ብሎ ብድግ አለና ወደ ውጭ ወጣ።

ይህ ስምንት ቃል ነው፤ እንግሊዝኛውም ስምንት ያህል ይሆናል። «ዝም አለ» እና «ብድግ አለ» እያንዳንዳቸው በትርጉም አንድ ግስ ሆነው ሳለ በጽሕፈት ሁለት ቃል ይሆናሉ። የሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ፊደል ብንቆጥር ደግሞ ሀ 25፣ ለ 18 ፊደል ይወጣዋል። በፊደል የሚበልጠው ዐረፍተ ነገር በቃል ግማሽ ሆነ ማለት ነው። ነገሩን ለማጉላት ያህል፣ አንዲት ጸሐፊ በአንድ ሳምንት እንደ ሀ ባሉ ዐረፍተ ነገሮች 2,000 ቃል፣ በሌላው ሳምንት እንደ ለ ባሉት 4,000 ቃል ጻፈች እንበል። የመጀመሪያው ሳምንት 12,500 ፊደል፣ ሁለተኛው 9,000 ፊደል ነው። ዘገባዋ ግን በሁለተኛው ሳምንት ሥራዋን እጥፍ እንዳደረገች ይናገራል። ሁለት ዐረፍተ ነገር የቋንቋውን አማካይ አያሳይም፤ የሚያሳየው መስፈሪያው በአማርኛ ውስጥም የማይረጋ መሆኑን ነው። የኀልዮት ሳምንት በድርጊት ሳምንት ይቀጣል።

የአጻጻፍ ልማድም ሌላ መወላወል ይጨምራል። በሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል መለየት እየቀረ ባዶ ቦታ ከተተካ ወዲህ፣ «ሥነ ጽሑፍ» ተለያይቶም ተጣብቆም ይጻፋል። የዘርፉ ስም እንኳ ለአንዱ «ልብ ወለድ»፣ ለሌላው «ልቦለድ» ነው፤ ሁለት ቃል ወይስ አንድ? ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው ባዶ ቦታን እንጂ ቃልን አይደለም።

4. ቆጠራው ዐረፍተ ነገሩን ሲገፋው

እስካሁን የታየው የስሌት ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በእርማት ይስተካከል ነበር። ነገር ግን የሚቆጠር ነገር የሚፈለግ ነገር ይሆናል። «ስለዘነበ ላለመሄድ ወሰነ» ሦስት ቃል ነው። «ዝናብ በመዝነቡ ምክንያት ጉዞ ላለማድረግ ውሳኔ ላይ ደረሰ» ስምንት ነው። ሁለተኛው ለመጀመሪያው የጨመረለት ትርጉም የለም። «ወሰነ» የሚለውን «ውሳኔ ላይ ደረሰ»፣ «ጠየቃት» የሚለውን «ጥያቄ አቀረበላት» እያሉ ግሱን ወደ ስም መለወጥና ከጎኑ ባዶ ግስ ማቆም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የዜና አማርኛ ልማድ ነው። ቃል ቆጠራ ይህን ልማድ ይሸልመዋል። የሳምንቱ ግብ ሊሞላ 300 ቃል የጎደለው ጸሐፊ አዲስ ትዕይንት መፍጠር አያስፈልገውም፤ ያሉትን ግሶች መበተን ይበቃዋል። የአማርኛ ስድ ንባብ አንዱ ኃይል በግሱ ጥቅጥቅነት ላይ ነው፤ ብዙ ነገር በአንድ ትንፋሽ ይባላል። መስፈሪያው የሚያስከፍለው ይህንኑ ኃይል ነው።

ፊደል መቁጠር ይሻላል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ እሱ ነው ማለት አይቻልም። ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በፊደል 13 እና 29 ናቸው፤ ልልነቱ እዚያም ይሸለማል፣ መጠኑ ትንሽ ቀንሶ። ስለዚህ ጥያቄው «የቱን እንቁጠር?» ከሚለው አልፎ «ማን ይስማው?» ወደሚለው ይሄዳል።

5. «እጽፋለሁ»

ዘገባው ከቁጥር ሌላ ግስም አለው፤ እዚህም የተዋሰው ቅርጽ ከአማርኛ ጋር ይጋጫል። ሳምንታዊ ዘገባ የተሠራውንና የታሰበውን በመለየት ላይ የቆመ ነው። «በሳምንት አንድ ምዕራፍ እጽፋለሁ» የሚል ጸሐፊ ግን ምን እንዳለ አይታወቅም፤ ልማዱን ተናገረ ወይስ ቃል ገባ? ቅርጹ ለልማድም ለወደፊትም ያገለግላል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ወይም «ኢንሻ አላህ» ሲጨመርበት ተስፋ መሆኑ ይለያል፤ ካልተጨመረ ግን ዕቅዱ የተፈጸመ ልማድ መስሎ ያልፋል። «ሦስተኛውን ምዕራፍ እየጻፍኩ ነው» የሚለውም ለስድስት ወር ያለ ሐሰት ሊደገም ይችላል።

ቋንቋው መፍትሔውን ራሱ ይዟል። «ጽፌ ጨርሻለሁ» አያወላውልም። «ልጽፍ አስቤያለሁ» ሐሳብ መሆኑን ያውጃል። በአማርኛ የሚቀርብ ዘገባ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ቢጠቀም፣ ቁጥር ሳይጠራ ከብዙ ቁጥር የበለጠ እውነት ይናገራል።

6. የቅኔ ቤት ቆጠራ

ጽሑፍን ከመድረሱ በፊት ለሌላ ሰው አሰምቶ መቀጠል ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ብዙ ጊዜም ከመንደር ወጣ ብሎ፣ ቅኔ «ይቆጥራል»፤ ከዚያም የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል። እዚህ ላይ መቁጠር ማለት መድረስ፣ መፍጠር ነው። መስፈሪያውም ቃል ሳይሆን ቤት ነው። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስና ወደ ዕጣነ ሞገር ይዘልቃል። «የት ደረስህ?» ሲባል የሚመልሰው የደረሰበትን የቅኔ ዓይነት ስም ጠርቶ ነው። ያልሞላ ቤት አይቆጠርም፤ ሞልቶ ትርጉም ያልያዘም በመምህሩ ፊት አያልፍም።

ንጽጽሩ ወሰን አለው። ቅኔ በአንድ ቀን ይፈጸማል፤ ልብ ወለድ አይፈጸምም። ልብ ወለድ ጸሐፊም መምህር የለውም፤ ያሉት እኩዮቹ ናቸው። ቢሆንም ሁለት ነገር መውሰድ ይቻላል። አንደኛው፣ መስፈሪያው ከሥራው ከራሱ ቅርጽ መውጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ዘገባው ስለ ሥራው የተነገረ ወሬ ሳይሆን ከሥራው የተቆረሰ ጉርሻ መሆኑ ነው።

7. ማጠቃለያ

ሌሎች ቋንቋዎች የራሳቸውን መስፈሪያ አበጅተዋል። የጃፓን ጸሐፊዎች ሥራቸውን 400 ምልክት በሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ሲሰፍሩ ኖረዋል፤ የሩስያ አሳታሚዎች የደራሲን ሥራ የሚሰፍሩት ክፍተትን ጨምሮ 40,000 ምልክት በሚይዝ «የደራሲ ሉህ» ነው። አማርኛም ቁጥር ሲያስፈልገው ፊደል ሊቆጥር ይችላል። መጥበቅና መላላትን አለመለየቱ ለዚህ ዓላማ አይጎዳም።

ከዚህ የሚከተለው ሐሳብ ቀላል ነው። ሳምንታዊው ዘገባ በመጀመሪያ የተፈጸመውን ትዕይንት ወይም ምዕራፍ ይጥራ፤ ግሱን «ጨርሻለሁ» እና «አስቤያለሁ» ብሎ ይለይ፤ ቁጥር ካስፈለገ በፊደል ያድርገው፤ ከሳምንቱ ሥራም አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ልል ዐረፍተ ነገር በቁጥር ሊደበቅ ይችላል፤ በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ፊት ግን አይደበቅም።

ለቋንቋ አጥኚዎችም የሚቀር ሥራ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በአማርኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ወጥቷል። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በካሚቲ እስር ቤት በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ የጻፈውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1982 ራሱ ተርጉሞ በእንግሊዝኛ አሳትሞታል። እንዲህ ያሉ ጥንድ ጽሑፎች በቃል፣ በምዕላድና በፊደል ጎን ለጎን ቢቆጠሩ፣ የ50,000 ቃል ግብ በየቋንቋው ስንት እንደሚሆን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይታወቃል። እስከዚያው ድረስ በሳምንቱ መጨረሻ «ትንሽ ነው የጻፍኩት» ብላ የምታፍር የአማርኛ ጸሐፊ ሥራዋን ከማሳነሷ በፊት፣ መጀመሪያ የሰፈረችበትን ቁና ትመርምር።