በሁለት ስታዲየም መካከል

ንፋስ መውጫን እንዲህ ብሎ የሰየማት ሰው አልዋሸም። ገና ከመኪና ስትወርዱ ቀድሞ የሚቀበላችሁ ነፋሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ ስሄድ የተሳፈርኩበት መኪና እዚያ ደርሶ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ከክሪክ ጋር ሲታገሉ እኔ የልጆች ጩኸት ወደ ሰማሁበት አመራሁ።

ሜዳ ካላችሁት ሜዳ ነበር። በአንድ ወገን ከፍ፣ በሌላው ወገን ዝቅ ያለ፣ ግቡ ሁለት ሁለት ድንጋይ የሆነ ሜዳ። ከላይ ወደ ታች የሚያጠቃውን ቡድን ቁልቁለቱም ነፋሱም ያግዙታል። ከታች ወደ ላይ የሚያጠቃው ምስኪን ደግሞ ከተጋጣሚው በላይ ከፍጥረት ጋር ይታገላል። ኳሷ አንድ ጊዜ ካመለጠች እስከ ታች ማሳው ድረስ ነው የምትሄደው። ታዲያ ልጆቹ ለዚህ ሕግ አውጥተውለታል፤ "የመታ ያምጣ" ይባላል። ኳሷን ገደል የሰደዳት ልጅ ሮጦ ያመጣታል። ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም።

አንዱ ኳስ አምጪ እያለከለከ አጠገቤ ሲደርስ የማን ደጋፊ እንደሆነ ጠየቅኩት።

"የፋሲል!"

"ስታዲየም ገብተህ አይተሃቸው ታውቃለህ?"

"አይ ጋሼ፣ ጎንደር ሩቅ ነው።" ትንሽ አሰብ አደረገና መልሶ ጠየቀኝ። "ግን እኛ ጋ ስታዲየም የሚሠራው መቼ ነው?"

መልስ የሌለው ትልቅ ሰው የሚለውን አልኩት። "አንተ ብቻ ትምህርትህን ተማር፤ ይሠራል።" አጠገባችን ጋቢውን ተከናንቦ የቆመ የስፖርት መምህር ሰምቶኝ ሳቀ። "ስታዲየም ይቅርብን፤ ዶዘር ለሁለት ቀን ብናገኝ ይበቃን ነበር" አለኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ለልጁ ሳልሰጠው የቀረሁት መልስ ነው።

እስኪ ካርታውን እንየው። በንፋስ መውጫ የሚያልፈው መንገድ በሁለት ጫፉ ሁለት ስታዲየም አለው። ወደ ምሥራቅ በጋሸና አድርጋችሁ ስትሄዱ ወልድያ ትደርሳላችሁ። ወደ ምዕራብ በደብረ ታቦርና በወረታ ስታልፉ ደግሞ ባሕር ዳር። የልጁ ጥያቄ መልስ በነዚህ በሁለቱ ታሪክ ውስጥ አለ።

ከወልድያው እንጀምር። ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ለከተማዋ በስጦታ ያሠሩት፣ በስማቸውም የተጠራ ስታዲየም ነው። በጥር 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዝ፣ የመዋኛ ገንዳ ጭምር ያለው፣ 567 ሚሊዮን ብር የፈጀ መሆኑ ተነገረ። ያማረ ነው፤ ሰጪውም ይመስገኑ። ስታዲየሙ ሲመረቅ ወልድያ ከነማ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነበር። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ከሊጉ ወረደ። ልብ በሉ፤ የተመረቀው ስታዲየም ሁለተኛ ዓመቱን ሳይደፍን የሚጫወትበት ክለብ ወረደ። ሙሽሪት ሳትኖር አዳራሹ ተገኘ ማለት ይኼ ነው። ስጦታ ሲሚንቶ ያመጣል፤ የተጫዋች ደመወዝ፣ የሣር ውኃ፣ የጥበቃና የመብራት ወጪ ግን በየወሩ ነው የሚመጣው። የየወሩን ደግሞ ሰጪ የለውም።

ወደ ባሕር ዳር እንሂድ። ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ስታዲየም በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ አገር ምድሩን ደስታ በደስታ አደረገው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዲቯርን በዚያው ሜዳ 2 ለ 1 አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ምን መጣ? በመስከረም 2014 ዓ.ም. ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከተጫወትን በኋላ ካፍ ሜዳው መመዘኛውን አያሟላም አለና ዘጋው። የአዲስ አበባውም ስታዲየም ከመመዘኛ በታች ሆኖ ነበርና ከመቶ ሚሊዮን ሕዝብ በላይ ያላት አገር ለብሔራዊ ቡድኗ አንድ ሜዳ አጣች።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ስደት ታውቁታላችሁ። ጋናን በ"ሜዳችን" የገጠምነው ጆሃንስበርግ ነው። ግብፅን በሰኔ 2014 ዓ.ም. 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በቀጣዮቹ ዓመታትም ሞሮኮ፣ ሞዛምቢክ፣ ታንዛኒያ "ሜዳችን" ሆነው ከረሙ። በጥር 1954 ዓ.ም. እነዚሁ ግብፆች በአዲስ አበባ ስታዲየም 4 ለ 2 ተሸንፈው የአፍሪካ ዋንጫ እዚሁ ቀርቷል። ከስድሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ቡድን ስናሸንፍ ግን የአገሩ ሕዝብ በቴሌቪዥን ነው ያጨበጨበው። ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ ይድነቃቸው ተሰማን ያህል ፕሬዚዳንት ለካፍ የሰጠች አገር እኮ ናት! የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳፍረው የጎደለን ነገር ትንሽነት ነው። ካፍ "50 ሺህ ሰው የሚይዝ ሥሩ" ብሎ አያውቅም። የሚጠይቀው የተስተካከለ ሣር፣ ደህና መልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ መጸዳጃ ቤት፣ ለየሰው የተለየ ወንበር፣ በቂ መብራት ነው። እኛ የጀመርነው ከላይ ነው። ቁመቱን አሳመርን፣ የወንበሩን ብዛት በዜና አስነገርን፣ የመልበሻ ክፍሉን ቧንቧ ግን ረሳን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

"ቢሆንም ሊጉ እያደገ ነው፤ ክለቦች እየበዙ ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የትግራይ ክለቦች ሲመለሱ የክለቦቹ ቁጥር ከ16 ከፍ ብሏል። ግን ሊጉ የት ነው የሚጫወተው? በ2013 ዓ.ም. ውድድሩ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር፣ ኮሮናም ስለነበረ፣ ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ተሰብስበው ተካሄዱ። በዚያ ዓመት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች ሐዋሳ ላይ ስለነበሩ ጎንደር የልጆቿን ድል የሰማችው ከሩቅ ነው። ኮሮናው አለፈ፤ በተመረጡ ከተሞች መሰብሰቡ ግን ለዓመታት ቀጠለ። ለካሜራ የሚመች፣ ለቡድኖች የሚያሳርፍ ሜዳ ያላቸው ከተሞች ጥቂት ናቸዋ!

እንግዲህ ሒሳቡን አስሉት። አንድ ከተማ ክለቡን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ለማሳደግ በጀቱን አራግፎ ያወጣል። ክለቡ ሲያድግ ጨዋታው ሌላ ከተማ ይሆናል። ሻይ ቤቷ፣ ማደሪያዋ፣ ባጃጁ፣ ቆሎ የምትሸጠው ሴት ከክለቡ ማደግ የሚያገኙት አንዳች ነገር የለም። ለከተማው የቀረለት ደመወዝ መክፈሉ ብቻ ነው። ጨዋታው ለሌላ፣ ዕዳው ለኛ!

ገንዘቡስ የማን ነው? አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልል ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። በ2016 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደው ንግድ ባንክ፣ በ2017 ዓ.ም. የወሰደው መድን መሆኑን ስታዩ ኳሱ ወደ ካዝና አጠገብ እንደተጠጋ ይገባችኋል። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ክለቦቹና ፌዴሬሽኑ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጁ። ያ ጣሪያ ግን ሲከፈት ጣሪያ ካልነበረው ከባሕር ዳር ስታዲየም የተሻለ ዕድል አልገጠመውም፤ አልጸናም። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በኋላ ሌላ የፋይናንስ መመሪያ ማውጣት ግድ ሆነበት። ተጫዋቹ ለምን ተከፈለው አልልም፤ ዕድሜው አጭር ነው፣ ጉልበቱን ነው የሚሸጠው። የምለው፣ ከአሥር ብር አሥሩም ለደመወዝ ከሄደ ሜዳው በምን ይታጠራል ነው።

እኔው ራሴ ስሟን የማልጠራት አንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ በሠራሁበት ዘመን ለስታዲየም ተብሎ የአንድ ወር ደመወዛችን በዓመት ተከፋፍሎ ተቆርጧል። "በፈቃዳችሁ" ተባልን፤ ፈቃዳችንን የጠየቀን ግን አልነበረም። ድንኳን ተጣለ፣ በሬ ታረደ፣ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ ባልፍበት ድንጋዩ ላይ ፍየል ቆማ አየሁ። ተመልካችም፣ የክብር እንግዳም እሷው ነበረች። ገንዘቡ ምን ሆነ ብዬ ስጠይቅ እንኳን የሚነግረኝ፣ የሚያስታውሰኝ አጣሁ። በዚያ ከተማ ለሌላ ነገር አዋጡ ቢባል ማን እጁን ይዘረጋል? ከገንዘቡ በላይ የባከነው እምነቱ ነው።

"የኛ አገር ብቻ ችግር ነው" ብለን ደግሞ ራሳችንን አናራክስ። ኬፕታውን እ.ኤ.አ. ለ2010ሩ የዓለም ዋንጫ የሠራችው ዕፁብ ስታዲየም ከዋንጫው በኋላ ለዓመታት የማዘጋጃ ቤቱን ኪስ ሲያልብ ኖሯል። ባለጠጎቹ አሜሪካኖች እንኳ በዚህ ነገር ይፋጃሉ። ሮድ አይላንድ ውስጥ ፓውተኬት የምትባል ከተማ የቤዝቦል ክለቧ በስታዲየም ገንዘብ ሳይስማማ ቀርቶ ጥሏት ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እልህ ያዛትና ለሁለተኛ ዲቪዚዮን የእግር ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2025 የተከፈተ አዲስ ስታዲየም አሠራች። የሚይዘው 10 ሺህ ከ500 ሰው ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው ግምት እጅግ ንሮ፣ የመንግሥት ድርሻው በብድር ሆኖ ከነወለዱ ለ30 ዓመት የሚከፈል ሆነ። ልዩነታችን አንድ ነው። እነሱ ዘንድ ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ ማን እስከ መቼ እንደሚከፍል በአደባባይ ተጨቃጭቀው ያውቁታል። እኛ ጋ የምናውቀው የወንበሩን ብዛት ነው።

አሁንም በትልቁ እያለምን ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ካፍ አዲስ አበባ ላይ ጉባኤውን ሲያደርግ አገራችን እ.ኤ.አ. የ2029ን የአፍሪካ ዋንጫ ለማዘጋጀት እንደምትፈልግ ተናግራለች። በ2008 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው ከ60 ሺህ በላይ የሚይዘው የአደይ አበባ ስታዲየምም ከታሰበለት ጊዜ ዓመታት ማለፉን እናውቃለን። ዋንጫ ማዘጋጀት አልጠላም፤ ማን ይጠላል? ነገር ግን ከዋንጫው ማግሥት ማን እንደሚጠርገው ሳይታወቅ የሚሠራ ሁሉ የንፋስ መውጫን ልጅ ጥያቄ አይመልስም።

ያቺ ከተማ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፍቲኔት የገባበት ወረዳ ከተማ ናት። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ገብቶባት ሴቶቿ የተደፈሩባት፣ ሆስፒታሏ የተዘረፈባት ናት። ለእንዲህ ያለ ሕዝብ "25 ሺህ የሚይዝ እንሥራላችሁ" ማለት ቀልድ ነው። "ኳስ ምን ያደርግላችኋል፣ መጀመሪያ እንጀራ" ማለት ደግሞ ግፍ ነው። ያን ያህል ያየ ልጅ የሚሮጥበት ደልዳላ መሬት ይገባዋል፤ እህቱም እንዲሁ። በሁለቱ መሐል መምህሩ ያለው አለ፤ የሁለት ቀን ዶዘር፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ነፋስ የሚመክት ዛፍ በዙሪያው፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ መልበሻና መጸዳጃ። ለጋይንትም፣ ለስማዳም፣ ለእስቴም እንዲሁ። ሜዳ የሚመዘነው በሚይዘው ሰው ብዛት ሳይሆን በዓመት ስንት ቀን ኳስ ተጫወቱበት በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ያ የድንጋይ ግብ ያለው ዳገት ሁለቱንም ትልልቅ ስታዲየሞች ሳይበልጥ አይቀርም።

ክለብ ያለው ከተማም ቢሆን ከክለቡ በጀት ከአሥር አንዱን ለሜዳ ይለይ። የቀረውን በምን እንዳዋለ በዓመት አንድ ቀን ለነዋሪው ይንገር። የመሠረት ድንጋይ ከመቀመጡ በፊት የአሥር ዓመት የጥገና ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በወረቀት ይቀመጥ። ይህ ካልተቻለ ድንጋዩም አይቀመጥ፤ ድንጋይ በጋይንት ሞልቷል።

አዲስ ሕግ ማርቀቅ እንኳ አያስፈልገንም። ልጆቹ በዚያ ነፋስ ውስጥ አውጥተው በሥራ ላይ አውለውታል። የመታ ያምጣ።