ከቀለሙ ሥር፦ የቆየ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ጥገና እንዴት ይመዘናል

የቆየ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ጥገና የሚመዘነው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ ክብደቱን የተሸከመው ላሜራ፣ ቀጥሎ የበሮቹና የኮፈኑ አገጣጠም፣ ከዚያ ሞተሩና የኤሌክትሪክ መስመሩ ይታያል፤ ቀለሙ የሚመዘነው ሌላው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ገዢ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ዓይኑን ከሚስበው ይጀምራል። ደካማ ጋራዥም ይህንኑ ስለሚያውቅ ጊዜውንና ገንዘቡን የሚያፈሰው ቀለሙ ላይ ነው።

ኤምጂቢ የተባለው መኪና እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአቢንግደን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። ከታች የሚነሡት ትራያምፎችና ጃጓር ኢ-ታይፕ ደግሞ ከኮቨንትሪ ወጥተዋል። በዚያ ዘመን ለዝገት መከላከያ ይደረግ የነበረው ጥንቃቄ አነስተኛ ሲሆን፣ የብሪታኒያ መንገድ ደግሞ ዝናብ የማይለየውና በክረምት በረዶን ለማቅለጥ ጨው የሚረጭበት ነው። መኪኖቹ አርጅተው ዋጋቸው በወደቀባቸው ዓመታት ብዙዎቹ በቁርጥራጭ ላሜራ እየተለጣጠፉ ከእጅ ወደ እጅ ዞረዋል። ስለዚህ ዛሬ አንዱን የሚገዛ ሰው ከፋብሪካው ሥራ ይልቅ የሚገዛው ከፋብሪካው በኋላ የነኩትን እጆች ሥራ ነው። በብሪታኒያ ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት ያለፋቸውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባቸው መኪኖች ከዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ነፃ ስለሆኑ፣ ጥገናው መልካም መሆን አለመሆኑን የመለየቱ ሸክም ይበልጡን ባለቤቱ ላይ ወድቋል።

የመኪናው አሠራር ካልታወቀ ዝገቱ የት እንደሚጎዳ አይታወቅም። ኤምጂቢ የተለየ ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሸካሚ ነው። ትራያምፍ ቲአር6 ቦዲው የተቀመጠበት የብረት ሻንሲ አለው። የሎተስ ኤላን ቦዲ ፋይበርግላስ ስለሆነ አይዝግም፤ መሐል ለመሐል የሚያልፈው የላሜራ አከርካሪው ግን ይዝጋል። በሞርጋን ደግሞ ላሜራው የተለበጠው በእንጨት አፅም ላይ ነው። «ቦዲው ንጹሕ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ለኤምጂቢ ትልቅ ነገር ሲሆን ለኤላን ምንም አይነግርም።

በኤምጂቢ ወሳኙ ቦታ ከበሩ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው። ሳጥኑ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ የውጭ፣ የመካከልና የውስጥ ላሜራ ተደራርበው ያቆሙት ነው። ጣሪያ የሌለውን መኪና መሐሉ እንዳይጎብጥ የሚያደርገው በዋናነት ይኸው ነው። የውጩ ላሜራ ሁለቱ ጫፎች በፊትና በኋላ ፓራፋንጎ ሥር ተሸሽገዋል። ስለዚህ በትክክል ለመቀየር የፊቱን ፓራፋንጎ ፈትቶ ማንሳት፣ የኋላውን ደግሞ ታችኛውን ክፍል መቁረጥ ግድ ነው። ሥራው ረጅምና ውድ በመሆኑ አቋራጩ ተለምዷል፦ የበሰበሰውን ሳይነኩ የሚታየውን ክፍል ብቻ በአዲስ ላሜራ ሸፍኖ መበየድ። ይህ ጥገና አይባልም። ዝገቱ ከሽፋኑ ጀርባ መብላቱን ይቀጥላል፤ ብየዳውም የሚይዘው ጤነኛ ብረት የለውም።

ልዩነቱን ለማየት ከበሩ የፊት ጠርዝ በታች መንበርከክ ይበቃል። የፊቱ ፓራፋንጎ ከበር ሥር ሳጥን ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስፌት አለ። ስፌቱ ጥርት ብሎ ከታየ መልካም ምልክት ነው፤ በስቱኮ ወይም በብየዳ ተደፍኖ ከጠፋ ግን ሳጥኑ ላይ ሽፋን መደረቡን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቀጥሎ በሳጥኑ የታችኛው ጠርዝ ላይ በጣት መሄድ ነው። ፋብሪካው ላሜራዎቹን ያጣበቃቸው ተራርቀው በተደረደሩ ክብ የነጥብ ብየዳዎች ነው። ጥሩ በያጅ ነጥቦቹን በመሰል ርቀት ይመልሳል፤ ወይም ላሜራውን እየበሳ ቀዳዳውን በብየዳ ሞልቶ ያስተካክለዋል። ጠርዙን ሙሉ የተከተለ ወፍራም የብየዳ መስመር ስስ ላሜራን በሙቀት ያጣምማል፤ የቸኮለ እጅም ምልክት ነው። የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹም ክፍት መሆን አለባቸው፤ አጠገባቸው ወደ ውስጥ የተረጨ የዝገት መከላከያ ሰም ከታየ ሠሪው መኪናው ከጋራዡ ከወጣ በኋላ ላሉት ዓመታትም አስቧል ማለት ነው።

የበሩ ክፍተት ሌላው ምስክር ነው። ሳጥኑ ተቆርጦ ሲወጣ መኪናው በትክክል ካልተደገፈና በበሩ ክፍት ቦታ ላይ የብረት ወጋግራ ካልተበየደ ቦዲው መሐሉ ላይ ይሰምጣል። አዲሱ ሳጥን በዚያው ከተበየደ ጉብጠቱ ቋሚ ሆኖ ይቀራል። በበሩና በኋላው ፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ይህ ደርሷል ማለት ነው፤ በሩን በማጠፊያው ማስተካከልም አያድነውም። ክፍተቱ ደህና የሚመስል ከሆነም መኪናውን በጎን በኩል በክሪክ አንስቶ በሩን ከፍቶ መዝጋት ያስፈልጋል። ጤነኛ ኤምጂቢ በሩ እንደ ወትሮው ይዘጋል፤ የደከመው ይይዛል።

ከ1988 ጀምሮ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት በዋናዎቹ የፋብሪካ ማተሚያዎች አዲስ የኤምጂቢ ሙሉ ቦዲ ያመርታል። አንዳንድ አጥባቂዎች በአዲስ ቦዲ ላይ የታነጸውን መኪና ዝቅ አድርገው ያያሉ፤ ነገር ግን በአግባቡ የተገጠመ አዲስ ቦዲ መቶ ቦታ ከተጣፈ አሮጌ ቦዲ ይበልጣል። የሚጠበቀው ሻጩ በግልጽ መናገሩ ብቻ ነው።

በቲአር6 ፍተሻው ወደ ኋላ ይሄዳል። ዲፈረንሻሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት ማሠሪያዎች በጊዜ ብዛት ይሰነጠቃሉ፤ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ከኋላ የሚሰማው የመምታት ድምፅ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። የተሰነጠቀውን መልሶ መበየድ ብቻውን ዕድሜ የለውም፤ ጥሩ ጋራዥ ማሠሪያውን በተጨማሪ ላሜራ ያጠናክረዋል። በኢ-ታይፕ ሞተሩን የተሸከመው ከፊት የተገጠመው የቱቦ አፅም ነው። ቱቦዎቹ ስስና ጠንካራ ናቸው፤ የሚዝጉትም ከውስጥ ነው። በላያቸው ላይ የተበየደ ቁራጭ ከታየ ሌላውን ምርመራ ማቆም ይቻላል፤ መፍትሔው አፅሙን ሙሉ በሙሉ መቀየር ነው።

ስቱኮን ለመፈለግ ማግኔት የታወቀ መሣሪያ ነው፤ ቀለም እንዳይጭር በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ ላሜራው ላይ ይንሸራተታል። ፍርዱ ግን የመጨረሻ አይደለም። ኢ-ታይፕን በመሰሉ መኪኖች ፋብሪካው ራሱ መጋጠሚያዎችን በእርሳስ ሞልቶ ያስተካክል ስለነበር ማግኔቱ እዚያም ይላላል። በመጋጠሚያ ላይ የላላ ማግኔት አያስደነግጥም፤ በፓራፋንጎ የታችኛው ጠርዝ ወይም በበር ወገብ ላይ ከላላ ግን ምክንያቱ መጠየቅ አለበት። ቀለሙን በተመለከተ ከጠርዝ የበለጠ የሚናገር የለም። የመስታወት ጎማው ላይ የቀለም ብናኝ ካለ፣ ሽቦዎቹ በቦዲው ቀለም ከተነከሩ፣ መኪናው ሳይፈታ ተሸፍኖ ተቀብቷል። ከሥር በወፍራም ጥቁር ቅብ የተለሰነ መኪናም ብዙ ጊዜ የሚሸሽገው ነገር አለው፤ በራሱ ሥራ የሚተማመን በያጅ ብየዳውን እንዲታይ ይተወዋል።

የሜካኒኩን ትዕግሥት ለማወቅ የብሎኖቹን ራስ ማየት ይበቃል። የእንግሊዝ መኪኖች የብሎን ጥርስ ዓይነታቸው ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚገርመው የኤምጂ ቲ ተከታታይ ሞተር ነው። የብሎኖቹ ጥርስ ሜትሪክ፣ ራሳቸው ግን ዊትወርዝ በተባለው የእንግሊዝ መለኪያ ቁልፍ የሚያዝ ነው። መነሻው የሞሪስ ኩባንያ የፈረንሳዩን የሆችኪስ ኩባንያ የኮቨንትሪ ፋብሪካ ከነመሣሪያው መረከቡ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የእንግሊዝ ጥርስ ያለውን ብሎን በግድ ያስገባና የሞተሩን ጥርስ ይልጠዋል። ማዕዘናቸው የተበላ ብሎኖች፣ ከሦስት ዓይነት ምንጭ የተለቃቀሙ ዳዶዎች፣ ከጓርኒሲዮን ጠርዝ ተርፎ የፈሰሰ ሲሊኮን፦ እነዚህ የሚታዩበት ሞተር ውስጡም በዚያው እጅ እንደተገጠመ መገመት ይቻላል።

ሞተሩ ሲሞቅ የኤምጂቢ የዘይት ግፊት በጉዞ ላይ ከ50 እስከ 80 ፓውንድ፣ ቆሞ ሲሠራ ደግሞ ከ10 እስከ 25 ፓውንድ በካሬ ኢንች መሆን አለበት። ጥቂት የዘይት ጠብታ ግን የግድ የመጥፎ ጥገና ምልክት አይደለም፤ ከኤምጂቢ በፊት በነበረው በኤምጂኤና በመጀመሪያዎቹ ባለ ሦስት ብሮንዚና ኤምጂቢዎች የክራንኩ የኋላ ጫፍ ዘይቱን የሚመልሰው በመጠምዘዣ ቦይ እንጂ በጎማ ማኅተም አልነበረም። ስለ ነዳጁ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። በብሪታኒያ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከ2000 መግቢያ ጀምሮ ከአጠቃላይ ሽያጭ ስለወጣ፣ ተጠግኖ የተመለሰ ቴስታታ የጠነከረ የቫልቭ መቀመጫ ሊኖረው ይገባል። ከ2021 ጀምሮ የተስፋፋው 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ደግሞ አሮጌውን የጎማ ቱቦ ያለሰልሳልና የነዳጅ ቱቦዎቹ ለዚህ ተብለው የተሠሩ መሆን አለባቸው። የኋለኛው የእሳት ጉዳይ ስለሆነ ቸል አይባልም።

የኤስዩ ካርቡሬተር ሲስተካከል ማየት የአንድን ሜካኒክ ደረጃ በአምስት ደቂቃ ያሳያል። ጥሩው መጀመሪያ ካንዴላውን፣ ፑንቲናውንና የቫልቩን ክፍተት ያስተካክላል፤ ካርቡሬተሩን የሚነካው በመጨረሻ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ የካርቡሬተሩን ፒስተን ወደ ላይ አንስቶ ይለቀዋል፤ ሲወድቅ ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ካልሰጠ የሚያሻሽ ነገር አለ። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ በጎኑ ባለችው ትንሽ ፒን ፒስተኑን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ያነሣዋል። የሞተሩ ፍጥነት ጨምሮ እዚያው ከቀረ ነዳጁ በዝቷል፤ ሊጠፋ ካንገራገረ አንሷል፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ከተረጋጋ ልክ ነው። ብዙ ጋራዦች መርፌውንና አፍንጫውን ቀይረው «ታድሷል» ይላሉ። የአየር መዝጊያው ዘንግ የሚዞርበት ቀዳዳ ሰፍቶ አየር የሚያስገባ ከሆነ ግን ያ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ሞተሩ አንድ ቀን ይስተካከላል፣ በማግሥቱ ይዛባል። ዘንጉን በጣት ወዲያ ወዲህ ማነቃነቅ የዕድሳቱን እውነት ይገልጠዋል።

በቅባቱም ዕውቀት ይለያል። በትራያምፍ ስፒትፋየር የፊት እግር ላይ ጎማው የሚዞርበት የታችኛው መጋጠሚያ የሚፈልገው ወፍራም የማርሽ ዘይት ነው። በልማድ ግራሶ የሚሞላው ሰው መተላለፊያውን ይደፍነዋል፤ መጋጠሚያው ደርቆ ይበላና አንድ ቀን ይሰበራል። ባለሙያ ነኝ የሚለውን ጋራዥ ምን እንደሚሞላበት መጠየቅ ብቻውን ጥሩ ፈተና ነው።

ሉካስ የተባለው ኩባንያ የሠራው የኤሌክትሪክ ዕቃ ስሙ ከሚገባው በላይ ጠፍቷል። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዛገ ማሳና ካልሠለጠነ እጅ ነው። መስመሩ በቀለም የተደራጀ ነው፦ ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ፣ ነጩ ከቁልፉ በኋላ፣ አረንጓዴው ከቁልፉና ከፊውዙ በኋላ፣ ጥቁሩ ማሳ ነው። በጥሩ ጥገና ይህ ሥርዓት እንደተጠበቀ ይገኛል። ከዳሽቦርዱ ሥር የተንጠለጠለ አንድ ወጥ ቀይ ሽቦና የተጠቀለለ ቴፕ ከታየ የሚቀጥለው ጠጋኝ ቀለሙን ተከትሎ መሄድ አይችልም። እስከ 1967 ድረስ ኤምጂቢ ማሳው የባትሪው ፖዘቲቭ ነበር። የተገለበጠ ከሆነ ቦቢናውም አብሮ መገልበጥ፣ ለውጡም በግልጽ መጻፍ አለበት።

የሽቦ ቸርኬ ያለው መኪና በክሪክ ተነሥቶ አንድ ሰው ፍሬኑን ሲረግጥ ጎማው በእጅ ይወዘወዛል። ቀጭ የሚል እንቅስቃሴ ካለ ጎማው የሚያርፍበት ጥርስ ተበልቷል። አዲስ ቸርኬ በአሮጌ ጥርስ ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ አሮጌው አዲሱንም ይበላዋል።

ሰነዱ የሚታየው ከብረቱ ጋር ተነጻጽሮ ነው። በጌይደን የሚገኘው የብሪቲሽ ሞተር ሙዚየም ከፋብሪካው መዝገብ የሚያወጣው የምስክር ወረቀት ኤምጂን የመሳሰሉት መኪኖች መቼ እንደተሠሩ፣ የመጀመሪያ ቀለማቸውንና የሞተር ቁጥራቸውን ያሳያል። ከደረሰኞች ሁሉ የሚበልጠው ግን የበር ሥር ሳጥኑ ተከፍቶ ውስጡ በሚታይበት ጊዜ የተነሣ ፎቶ ነው፤ ሳጥኑ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ያንን በሙሉ ማየት አስቸጋሪ ነው።

የመንገድ ሙከራው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሞቅ መቆየት አለበት። በሻካራ መንገድ ላይ የመስታወቱ ማዕቀፍ ከበሮቹ ተለይቶ ከተንቀጠቀጠ ጥያቄው እንደገና ወደ በር ሥር ሳጥኑ ይመለሳል። ሲመለሱ የዘይት ግፊቱ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ይነበባል፤ ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ አሥር ደቂቃ ይቆይና ሳይቀዘቅዝ እንደገና ይነሣል። በቀዝቃዛው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በትኩሱ የሚያስቸግር መኪና የነዳጁ ወይም የእሳቱ ሥራ አላለቀም፤ ዋጋ ከመነገሩ በፊት ወደ ጋራዡ መመለስ አለበት።