ማር የሚል ሰው፦ በደባርቅ ስለ ታየ አንድ የአዝማሪ ምሽት

ስለ ኪነ ጥበብ በሚጻፉ ገጾች ቴአትር ይተቻል፣ ልብ ወለድ ይመረመራል፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ ይመዘናል። የመጠጥ ቤት ጥበብ ግን ለሂስ እንደማይበቃ ተቆጥሮ በዝምታ ይታለፋል። ይህ ስሕተት ነው። በሀገራችን የቃል ግጥም ከአድማጩ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ በዚያው ሰዓት የሚፈረድበት መድረክ ቢኖር፣ ከለቅሶና ከሠርግ ቀጥሎ ጠጅ ቤቱ ነውና። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር በደባርቅ፣ በአንድ ምሽት በሁለት ቤቶች ያየነውን፣ ቴአትር እንደምንተች አድርገን ልንተች ተነሥተናል።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ መንገዱ የሊማሊሞን ገደል ከመውረዱ በፊት የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በመሆኗ፣ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የውጭ እንግዳ ስታስተናግድ ኖራለች። ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ ማታ ማታ ሰው የሚሰበሰበው መጠጥና ሙቀት ካለበት ነው።

የመጀመሪያው ቤት ለእንግዳ ተብሎ የተሰናዳ አዳራሽ ነበር። ግድግዳው በአጎዛና በጋሻ አጊጧል፤ መቀመጫው በርጩማ፣ ጠረጴዛው መሶብ ነው። መጠጡ ሳይቀር ለባህሉ ተብሎ ተሰይሟል፤ አረቄ ከፍራፍሬ ጭማቂ ጋር ተቀላቅሎ፣ ቀለም ወጥቶለት፣ የተራራና የዋልያ ስም ተሰጥቶት በረጅም ብርጭቆ ይቀርባል። እኛም አንዱን ቀመስን፤ ጣፋጭ ነው። ነገር ግን ስሙ ቢለወጥ ጣዕሙ አይጎድልም፤ ጣዕሙም ቢለወጥ ስሙ ቅር አይለውም። መድረኩም እንደ መጠጡ ነበር። የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎ፣ የጉራጌ ውዝዋዜ ልብስ እየተቀየረ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተከታትሎ አለፈ። የተወዛዋዦቹ ትከሻ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሥራቸውን ያውቃሉ። ነቀፌታችን በሌላ ነው። ኦርጋኑና ድምፅ ማጉያው ማሲንቆውን ስለዋጡት፣ አዝማሪው እጁን እንጂ ድምፁን አላየንለትም፤ ከተመልካቹም አንድ ሰው እንኳ ቃል ሊሰጠው የሚችልበት ቀዳዳ አልነበረም።

ሁለተኛው ቤት ጌጥ የለውም። አግዳሚ ወንበር፣ ብርሌ፣ የጠጅ ሽታ፣ አንድ ባለ ማሲንቆና አንዲት ዘፋኝ ብቻ። ማሲንቆው እንደሚታወቀው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው፤ ከሰው ድምፅ በላይ ለመጮህ አልተፈጠረም። ከዚህም የተነሣ የቤቱን ሰው ዝም አያሰኝም፤ ይልቁንም ይጋብዘዋል። የጠጅ ቤት ሥርዓት ያውቃልና፣ የፈለገ ሰው «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ባለ ግጥሙ ታዳሚው፣ ባለ ድምፁ አዝማሪው ነው። በቀልዱና በሙገሳው መካከል በጥግ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት እጃቸውን አንሥተው ይህን ሰጡ፦

ጌሾው ስለበዛ ጠጁ እየመረረ፣
ማር የሚል ሰው ጠፍቶ ሀገር ተቸገረ።

ቤቱ መጀመሪያ ሳቀ፤ የሳቀውም በሰሙ ነው። ጠጅ ጣይዋ ጌሾ አብዝታ ማር ቆጥባለች የሚል ነበርና። አዝማሪው ሁለተኛውን ስንኝ ዝቅ አድርጎ ሲደግመው ግን ሳቁ ቆመ። «ማር» ንብ የሠራው ብቻ አይደለም፤ «ይቅር በል» የሚል ትእዛዝም ነው። የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ገና ሦስት ወር ገደማ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ ወረዳዎች ደርሶ፣ በዳባት ወረዳ በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያ አግዳሚ ላይ ይህን ቃል መናገር ቀላል ነገር አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ ከበሩ አጠገብ አንድ ወጣት፣ በግጥም ሳይሆን በተራ ቃል፣ «ቀፎውን የሰበረው ይምጣና ማሩን እንነጋገራለን» አለ። አዝማሪው አላስታረቀም፤ ለአንዳቸውም አልፈረደም። የወጣቱን ቃል ወደ ዜማው አግብቶ፣ ከአዛውንቱ ስንኝ ጋር በእኩል ክብር መለሰው። በእኛ አስተያየት የምሽቱ ታላቅ ሥራ ይህ ነው። ምሕረትና ፍርድ፣ በአደባባይ ቢሆን ጠብ የሚያነሡ ሁለት አሳቦች፣ በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን ዋሉ።

አዝማሪውን ከወቀሳ ነጻ አናደርገውም። ከዚያ በኋላ ግንባሩ ላይ ብር ለለጠፈለት ሁሉ «አንበሳ፣ ጀግና» ሲል አመሸ። ለሁሉ የሚታደል ሙገሳ ለማንም አይበቃም፤ እውነተኛውን ቃል የተናገረው አፍ ራሱን አራከሰ። ሆኖም ደመወዙ ያ ብር ብቻ መሆኑን የሚዘነጋ ሐያሲ ፍርደ ገምድል ነው።

የአዝማሪ ቃል ክብደት እንዳለው ጠላት እንኳ ያውቅ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ዘዋሪ አዝማሪዎችን ከጠንቋዮች ጋር እንዲገደሉ ማዘዙ ይህን ይመሰክራል። ዛሬ የሚያሠጋው ጥይት ሳይሆን የቤት ማጣትና የድምፅ ማጉያ ነው። በአዲስ አበባ የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር የነበረው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በብዛት ሲፈርስ፣ ቤቱ ሲሄድ ልማዱም አብሮ ሊሄድ እንደሚችል አይተናል።

እንግዲህ የባህል አዳራሽ ይዘጋ አንልም፤ እንጀራ የሚበላበት ሰው አለ። የምንለው ይህን ነው፦ ባለቤቶቹ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ማጉያውን ያጥፉ፤ ማሲንቆው ከመድረክ ወርዶ በአግዳሚው መካከል ይለፍ፤ «ተቀበል» የሚል ሰውም ይሰማ። አጎዛና ጋሻ ግድግዳን ያስጌጣሉ፤ ባህል ግን ቃል ተሰጥቶ ቃል የሚመለስበት ነው። አዛውንቱና ወጣቱ ያን ሌሊት አልተስማሙም፤ ሆኖም አንዱ የሌላውን ቃል እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ለዚህ የበቃ ቤት በሂስ ገጽ ላይ ስፍራ ይገባዋል።