ሁሉም 1780 ይላል

ደንበኛ ጠገራ ብር አንስቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ነው። መልሱ እንደ ጥያቄው አያጥርም። መልኳ ጠገራው ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ መልኳን ይዞ የታተመው ብር ግን፣ በቪየናም ይሁን በለንደን ወይም በቦምቤይ፣ ያንኑ 1780 እንደያዘ ነው። ኢጣልያ አገራችንን ልትወር ስትዘጋጅ የማተሚያ ቅርጹን ከቪየና ወስዳ በሮም አሳትማለች፤ ያም 1780 ይላል። እንዲህ ያለው ጠገራ ዘግይቶ ታተመ እንጂ ፎርጅድ አይደለም፤ ብሩም ሚዛኑም ልክ ነው። ፎርጅድ የምለው ብር ሳይሆን ብር መስሎ የሚቀርበውን ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ መሣሪያ ይለዩ ነበር። ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ አሳትመው ሲያመጡ እንኳ ባላገሩ ዓይኑ ከለመደው ማርትሬዛ በቀላሉ አልተላቀቀም።

እኔ የምጀምረው ከጠርዙ ነው። በዙሪያው ጎላ ብለው የወጡት የላቲን ፊደላት «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚለውን የንግሥቲቱን መርሕ ይናገራሉ። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ፊደላቱ ያበጡ ይመስላሉ፤ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመርም ጠርዙን ዞሮ ይታያል። ቀጥሎ ሚዛን አለ። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። ክብደት ግን ብቻውን አይታመንም። ብርጭቆ ውኃ ሚዛን ላይ አስቀምጬ ሚዛኑን ወደ ዜሮ እመልሳለሁ፤ ጠገራውን በክር አስሬ ታቹን ሳይነካ ውኃው ውስጥ አንጠለጥላለሁ። 2.8 ግራም ገደማ ካሳየ ልቤ ያርፋል። 3 ከተሻገረ ሆዱ ሌላ ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከአንድ ሻጭ አሥራ ሁለት ጠገራ በአንድ ላይ ስገዛ ሦስቱን ብቻ መርምሬ የቀሩትን በጥድፊያ ተቀበልኩ። ማታ ቤቴ አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ ሳንጠለጥል አምስቱ 3.2 አሉ። ሰውየውን ፈልጌ አጣሁት። በሳምንቱ አንድ ወጣት መጥቶ ከአምስቱ አንዱን አነሳ። ለእናቱ የአንገት መስቀል ሊያሠራበት ነው። «እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት» የሚል ሐሳብ በልቤ ሽው አለ። ዋጋውን ብጠራለት ይከፍለኝ ነበር፤ አንጥረኛው እሳት ውስጥ ሲከተው ግን የሚያፍረው እናቱ ፊት ነው። ከእጁ ተቀበልኩትና ማታ አምስቱንም በመጋዝ ለሁለት ከፈልኳቸው። ሆዳቸው ቢጫ ነበር። አንዱን ግማሽ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ፤ አዲስ ሰብሳቢ ሲመጣ መጀመሪያ የማስጨብጠው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለምሸጠው ሁሉ ወረቀት እጽፋለሁ፦ በደረቁ ስንት እንደመዘነ፣ በውኃ ስንት እንዳሳየ፣ የአንገት ማንጠልጠያ ተበይዶበት እንደነበር። ጠገራው ከገዢዬ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ይዞራል፤ እኔ በማላገኛቸው ሰዎች ፊት ስለ እኔ የሚመሰክረው ያ ወረቀት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ ጠገራ ሰጡኝ። «ልጄ፣ ለእናቴ የተሰጠ ጥሎሽ ነው። እንዲያምርልህ በአመድ አሽቼዋለሁ።» በውኃ መዘንኩት፤ 2.8። «እማማ፣ እውነተኛ ብር ነው። ግን ሰብሳቢ የሚፈልገው የቆየ መልኩን ስለሆነ መታሸቱ ዋጋውን ቀንሶታል። በብሩ ክብደት ልገዛው እችላለሁ፤ ካልቸገረዎት ግን አይሽጡት» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና መልሰው መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። ወረቀቱን ግን ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ልጆቻቸው አንድ ቀን ሲፈቱት ያስፈልጋቸዋል።