መደብ የሌላት ጀግና፦ ጽኑ ሴቶች በልቦለዳችንና በመርካቶ

የአማርኛ ልቦለድ ገና ሲጀመር አደጋ የምትጋፈጥ ሴት ይዞ ነው የመጣው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመውን የአፈወርቅ ገብረኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው በልጅቱ ስም፣ «ጦቢያ» ብሎ ነው። ጦቢያ የጠፋ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከአባቷ ጋር የወጣችው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ሴትነቷ የታሪኩ ትልቅ ምስጢር ሆኖ አደጋውም ፍቅሩም በዚሁ ዙሪያ ይሽከረከራል። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀግና ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ የምትወደውን በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ወጣች። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ሴቲቱ መንገድ ላይ የምትወጣው ግን አሁንም በሌላ ሰው ልብስ ነው።

ስለዚህ ጽኑ ሴት በልቦለዳችን አለች ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ አያራምድም። አለች፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አለች። ይልቅ መጠየቅ ያለብን ጽናቷ ከምን እንደተሠራ ነው። ባነበብኳቸው ሥራዎች ውስጥ ደራሲዎቻችን ለሴት ካባ፣ ጠመንጃ፣ ምስጢርና እንባ አልነፈጓትም። የነፈጓት ሒሳብ ነው፤ ማለትም ንብረቷን፣ ዱቤዋን፣ ዕዳዋን፣ ትርፍና ኪሳራዋን። ይህ ጉድለት ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ከመርካቶ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ነው።

ከቅርብ ዘመን ሥራዎች በዚህ ዓይን ደግሞ ሊነበብ የሚገባው የመዓዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ታትሞ በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ታሪኩ የጣልያን ወረራ ዘመን ነው። ሒሩት ወላጆቿ ሞተውባት በባልና ሚስቱ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በገረድነት ያደገች ልጅ ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የእሳቸውን መልክ የያዘ ምንም የተባለ ሰው እንደ ንጉሥ ተደርጎ ለአርበኛው ይታያል፤ ሒሩት የዚህ የጥላ ንጉሥ ጠባቂ ትሆናለች። አስቴር በበኩሏ የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ለጦርነት ትቀሰቅሳለች። ጦቢያ ከጀመረችው የልብስ መንገድ ገና አልወጣንም።

ብዙ ተቺዎች ስለዚህ መጽሐፍ ሲጽፉ ትኩረታቸው የተረሱት ሴት አርበኞች ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ከተገደሉ በኋላ ጦር የመሩት ከበደች ሥዩም፣ በአዲስ አበባ በውስጥ አርበኝነት ሠርተው እስከ አዚናራ ደሴት ድረስ የታሰሩት ሸዋረገድ ገድሌ በታሪክ መጻሕፍት ያገኙት ቦታ ከሥራቸው ጋር አይመጣጠንም። እኔን ግን ያሰረኝ ጠመንጃው ነው። ሒሩት ከአባቷ የወረሰችው አንድ ንብረት አላት፤ እሱም ውጅግራዋ ነው። ኪዳኔ ለጦርነቱ መሣሪያ ሲያሰባስብ ይህንኑ ይወስድባታል። እሷም ከእመቤቷ ቤት ዕቃ እየሰረቀች ትደብቃለች፤ የአስቴርን የአንገት ጌጥ ጭምር። ልቦለዱ የሚከፈተው ባዶ እጅ በቀረች ልጅና ሁሉ በሞላላት እመቤት መካከል በተነሣ የንብረት ጠብ ነው ማለት ይቻላል። የሀገር ጦርነት በዚህ ላይ ነው የሚደረበው።

ደራሲዋ ደጋግማ እንደተናገረችው የታሪኩ አንዱ ምንጭ ቅድመ አያቷ ናቸው። አባትየው ጠመንጃውን ለአማቻቸው ሊሰጡ ሲሉ ልጅቱ «የእኔ ነው» ብላ ከሰሰች፣ ተሟገተች፣ ረታች፤ ከዚያ ዘመተች። ይህ ሙግት በልቦለዱ ውስጥ የለም። ሒሩት ጠመንጃዋን ስትነጠቅ ዳኛ ፊት አትቆምም። መዓዛ የመረጠችው የተነጠቀችውንና በሰውነቷም ላይ በገዛ አለቃዋ በኪዳኔ ግፍ የተፈጸመባትን ልጅ ነው። ምርጫው ለልቦለዱ ጥቁር ኃይል ሰጥቶታል፤ በዚህ አልከራከርም። ሆኖም በእውነተኛው ታሪክ የነበረችው፣ ድርሻዋን ቆጥራ የምትጠይቅና የምትረታ ሴት ከገጹ ወጥታለች። ከልቦለዳችን ስትወጣ ያየነው እሷን ብቻ አይደለም።

መጽሐፉ ሌላም ሴት አለችው። ፊፊ ከኮሎኔል ፉቸሊ ጋር የምትኖር፣ በጣልያን ሰፈር ሁሉም እንደ ቅምጥ የሚያያት፣ በስውር ግን ለአርበኞች ወሬ የምታቀብል ናት። የሁለት ዓለም ኑሮዋን በልክ እየመዘነች የምትኖር እንደመሆኗ ከሁሉ ይልቅ ለገበያ ሰው የምትቀርብ እሷ ትመስለኛለች። ስለ እሷ የተሰጠን ገጽ ጥቂት መሆኑ ያስቆጫል።

ሒሩት በተራራ ላይ ጦርነት ውስጥ ባለችበት ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር እየተሠራ ነበር። ጣልያኖች ከተማዋን በዘር ለመክፈል ባወጡት ዕቅድ መሠረት በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አንሥተው «የአገሬው ገበያ» ብለው ከለሉት። የዛሬው መርካቶ፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ የሚጎራበቱበት፣ አዲስ ከተማ የምንለው ሰፈር የወጣው ከዚህ ነው። ወራሪው ሲሄድ ገበያው ቀረ። በዚያ ግዞት ውስጥ ተራ ይዘው መደብ የዘረጉ ሴቶች እንደ አርበኞቹ ሁሉ የዘመኑ ሰዎች ናቸው። የጦርነቱ ሴት በዓለም መድረክ ልቦለድ አገኘች። የገበያው ሴት ገና አላገኘችም።

በውጭ ከሚጽፉት መካከል ምስጢርን ራሱን የጉዳዩ እምብርት ያደረጉ አሉ። የርብቃ ፍስሐ «ዶተርስ ኦፍ ሳይለንስ» (እ.ኤ.አ. 2019) የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ በረራ ባስቆመበት ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የቀረች የበረራ አስተናጋጅን ታሪክ ይዟል፤ እናቷ ሞታለች፣ በቤተሰቡ ውስጥ ማንም የማይናገረው ጥቃት አለ። የሱለይማን አዶንያ «ሳይለንስ ኢዝ ማይ መዘር ታንግ» (እ.ኤ.አ. 2018) ደግሞ ሱዳን ውስጥ ባለ የስደተኞች ካምፕ መማር የምትፈልገውን ሳባንና መናገር የማይችለውን ወንድሟን ሐጎስን ይከተላል። ሁለቱም ከጦቢያ የተለየ ጥያቄ ያነሣሉ። በጦቢያ ምስጢር ሴቲቱን ይጠብቃታል፤ እዚህ ግን ዝምታው የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው እሷ ናት። ትልቅ እርምጃ ነው፤ በአማርኛም በዚህ ድፍረት እንዲጻፍ እመኛለሁ።

መርካቶ ላይ ግን ምስጢር ሌላ መልክ አለው፤ ልቦለዱ የማያውቀው መልክ። አንዲት የበርበሬ ነጋዴን እናስብ። ዛላውን በኩንታል ከአከፋፋይ በዱቤ ታነሣለች። ታስቀነጥሳለች፣ ታሰጣለች፣ ከኮረሪማና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ታስደልዛለች፣ ታስፈጫለች። ሲደርቅ የሚጎድለውን ክብደት አስቀድማ ካላሰላች ከስራለች። ለፋሲካ ገበያ ያሰበችው ዋጋ በሳምንት ውስጥ ቢወርድ አከፋፋዩ አይጠብቃትም። ስለዚህ ዕቁብ ትጥላለች። ዕጣው ቀድሞ እንዲወጣላት ዳኛውን ትለምናለች፣ ዋስ ትጠራለች፤ የዋሷ ስም ከእሷ ስም ጋር ይታሰራል። ከዕቁቦቿ አንዱ ባሏ የማያውቀው ነው።

ይህ ዕቁብ የሕግ ታሪክ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ የጋራውን ንብረትም አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም እኩል ሥልጣን የሰጠው በ1992 ዓ.ም. ነው። በመካከል ባሉት 40 ዓመታት ጎህ ሲቀድ መደብ ዘርግታ የምትውል ሴት በቤቷ የጋራ ንብረት ላይ የማዘዝ መብቷ በወረቀት ላይ የሌላ ሰው ነበር። ባል የማያውቀው ዕቁብ እንግዲህ ተንኮል አልነበረም፤ ሕጉ የነሳትን መብት በራሷ መንገድ መያዣ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የልቦለድ ምስጢር ከወዴት ይመጣል? ቢገለጥ ትዳር ይፈርሳል፣ ዋሷ ይጠየቃል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ ሰይፍ ሳይመዘዝ።

አደጋውም እንዲሁ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ የተነሣው እሳት ሱቆችን ከነዕቃቸው በላ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሣው ውዝግብ ሱቆች እስከ መዘጋት የደረሱበት ሌላው ድንጋጤ ነበር። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ዕቃ በዱቤ አንሥታ የተቃጠለባት ሴት ማታ ቤቷ ገብታ ለአበዳሪዋ ምን ልበል ብላ የምታስበው ነገር፣ ሰብለ በጎጃም መንገድ ከተሸከመችው ፍርሃት በምንም አያንስም።

ይህን ስል ሁሉንም በአንድ ዓይን እንዳላይ መጠንቀቅ አለብኝ። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሴቶች ሲጽፍ ገንዘብን አልሸሸም፤ ሌሊቱ ዋጋ እንዳለውና ማን እንደሚከፍለው አንባቢው ያውቃል። መጽሐፉ ስለ ድፍረቱ ብዙ ተብሎለታል፤ በእኔ ንባብ ግን ትልቁ ድፍረቱ ይኸው ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ፊያሜታ ጊላይ ግን በአደጋና በምስጢር ተከባ የምትኖር ብትሆንም የምናያት በተራኪው በጋዜጠኛው ፀጋዬ ዓይን ነው። ከእሷ ወገን ያለው ሒሳብ፣ የገንዘቡም የፖለቲካውም፣ ከእሱ ግምት ባሻገር አይደርሰንም።

ሒሳብ የምታውቅ ጀግና በአማርኛ ያገኘናት ከውጭ ነው፤ የመጣችውም በእስር ቤት በኩል ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ እየጻፈ ተረጎመው፤ ብጥስጣሹ ወረቀት በስውር ከእስር ቤት ወጥቶ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስካርሌት ኦሃራ ጦርነት ያጠፋውን ቤቷን ለማዳን መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሰይፍ አይደለም፤ ለግብር ዕዳ የሚከፈል 300 ዶላር ነው። ለዚያ ስትል የእህቷን እጮኛ ታገባለች። ከዚያ የእንጨት መሰንጠቂያ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ትከራከራለች፣ ወንዶቹ ነጋዴዎች ያሟታል። ግብር ያስጨነቀው የመርካቶ ሰው ይህን ምዕራፍ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ነገር ግን የስካርሌት ሒሳብ ያልተቆጠረ ዓምድ አለው። ቤቷ የቆመው በባርነት ነው፤ መሰንጠቂያዋን የሚያንቀሳቅሱት በኪራይ የመጡ እስረኞች ናቸው። ሚቸል ይህን በናፍቆት ዜማ ሸፍናዋለች፤ እኛም በትርጉሙ ታሪክ ጀግንነት ተማርከን ስናነብ ይህንን እንዳንዘለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጽኑዋ ሴት ጽናት በማን ጉልበት ላይ ቆመ የሚለው ጥያቄ ለአሜሪካው ልቦለድ ብቻ የሚቀርብ አይደለም። አስቴርና ሒሩትም በአንድ ጣሪያ ሥር ነበሩ።

አንዳንድ ባልንጀሮቼ ገበያ ለልቦለድ አይመችም ይላሉ፤ የሚደጋገም ነው፣ ጉዞ የለውም፣ መጨረሻ የለውም። በከፊል እስማማለሁ። የልቦለዳችን ጊዜ የመንገድ ጊዜ ነው፤ ጦቢያም ሰብለም የሚኖሩት ከቤት በወጡበት ነው። የመርካቶ ጊዜ ግን በዕቁብ ዙርና በጾም መፍቻ ይለካል። ይህን የሚሸከም ቅርጽ መፈለግ የደራሲ ሥራ ነው። ቋንቋውንም መስማት ይጠይቃል፤ በአንድ ተራ ላይ ጉራጊኛ፣ ስልጥኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ክርክር ውስጥ ይፈራረቃሉ፤ ዋጋ የሚቆረጠው በአንዱ፣ ምራቂ የሚለመነው በሌላው ነው። የተጣራ የመጽሐፍ አማርኛ ብቻ ይዞ ወደዚያ የሚገባ ተራኪ ግማሹን ነገር አይሰማም። አድማጭ ይጠፋል የሚለው ደግሞ አያሰጋም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ሰብለን እንደ ጎረቤቱ ልጅ አውቋታል።

የሚጻፈው መጽሐፍ ከነጋዴዋ ላይ ቢቆም ግን ጎዶሎ ይሆንብኛል። እሷ ጎህ ሳይቀድ ወደ በርበሬ ተራ የምትወጣው ልጆቿን የምትጠብቅላት፣ ሽሮውን የምትሠራላት፣ ከገጠር ዘመድ በኩል የመጣች ልጅ ቤት ስላለች ነው። የልጅቱ ደመወዝ ብዙ ጊዜ በልብስና በ«አስተምርሻለሁ» ይታሰባል፤ በዕቁቡ ደብተር ላይ ስሟ የለም፣ ዋስ ሆኖ የሚቆምላትም የለም። ሒሩት ከአስቴር ቤት የሰረቀችውን ዕቃ የት እንደደበቀችው መዓዛ ጽፋልናለች። የዚህችኛዋ ልጅ ያልተከፈለ የዓመታት ደመወዝ ስንት ብር እንደሆነ፣ ተደምሮ፣ በአንድ የአማርኛ ልቦለድ ገጽ ላይ ቁጥሩን ማንበብ እፈልጋለሁ።