የተጋረደው ደጅና የሴቲቱ ጠበቃ
(ስለ አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ የቀረበ አስተያየት)

ስለ ወንጀል ምርመራ የሚጻፉ ልብ ወለድ ታሪኮች ለጊዜ ማሳለፊያ እንጂ ለጥናት የሚበቁ አይደሉም ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ይህን አስተያየት በሙሉ ለመቃወም አንነሣም። ነገር ግን ወይዘሮ ሱጃታ ማሴ በ2018 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያሳተሙት «የማላባር ሂል መበለቶች» የተባለው መጽሐፍ ከዚህ ፍርድ የሚድን ስለ መሰለን፥ ምክንያታችንን ባጭሩ እንገልጻለን።

የታሪኩ ቦታ ቦምቤይ፥ ዘመኑም 1921 ነው። ፐርቪን ሚስትሪ የተባለች የፓርሲ ወገን ወጣት በአባቷ የሕግ ቢሮ ትሠራለች። አንድ ሙስሊም ባለፋብሪካ ሞቶ ሦስት ሚስቶቹ መበለት ሆነዋል፤ እነርሱም ባዕድ ወንድ በማያያቸው እልፍኝ ተከልለው የሚኖሩ ናቸው። መበለቶቹ የራሳቸውን ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ለመስጠት ተስማምተዋል የሚል ደብዳቤ ከቤቱ ኃላፊ ይመጣል። ፐርቪን ግን ፊርማዎቹን አይታ ትጠራጠራለች። ሄዳም ትጠይቃቸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ኃላፊው በዚያው ቤት ተገድሎ ይገኛል።

ያለፈ ዘመን ደፋር ሴት በሚሣልበት ድርሰት ዘወትር የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። ይኸውም ደራሲው የዛሬን አሳብ ለትናንት ሴት አበድሮ፥ ያሻትን ስትናገርና ስታደርግ ከልካይ እንዳይኖራት ማድረጉ ነው። ከልካይ የሌለው ድፍረት ግን ድፍረት ሊባል አይችልም። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ድፍረቷ ከሕግና ከልማድ ጋር በየገጹ ይጋጫል። ወንዶቹ ፖሊሶች ከመጋረጃው ወዲያ ሊያልፉ ስለማይችሉ፥ የምርመራው ቁልፍ በእርሷ እጅ ይወድቃል። ሴት መሆኗ መሰናክሏ እንደ ሆነ ሁሉ መግቢያ በሯም ሆኗል።

ይሁን እንጂ ያወቀችውን ፍርድ ቤት ቀርባ ልትከራከርበት አትችልም፤ በህንድ አገር ሴቶች በጥብቅና እንዲሠሩ የተፈቀደው በ1923 በወጣው ሕግ ነውና። ስለዚህ በችሎት የሚቆመው አባቷ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው የአገራችን ተረት በቦምቤይ የሕግ ኃይል ነበረው ማለት ነው። ደራሲዋ ይህን እውነት ለጀግናቸው ሲሉ አለመሸፋፈናቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

ይህም ከታሪክ የራቀ ፈጠራ አይደለም። ኮርኔልያ ሶራብጂ በ1892 በኦክስፎርድ የሕግ ፈተና ወስደው ዲግሪያቸውን ያገኙት በ1922 ነው። በመካከሉ ግን በቤንጋል የመንግሥት ሹመት ይዘው ከ1904 ጀምሮ በመጋረጃ ውስጥ ለሚኖሩ ሴቶች ጉዳይ ሠርተዋል። ፐርቪን የተቀረጸችው የእኒህን ሴት ሕይወት መነሻ በማድረግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን ወደ 1916 የሚመለሰው ክፍል ነው። ፐርቪን በካልካታ አግብታ ሳለ፥ በወር አበባዋ ጊዜ በአማቷ ትእዛዝ በጠባብ ክፍል ትዘጋ ነበር። እንግዲህ የመበለቶቹን ዝምታ የምትረዳው በትምህርቷ ብቻ ሳይሆን መዘጋትን ራሷ ስለ ቀመሰችው ነው። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ታሪኮች አንዱ ለሌላው ማስረጃ ይሆናሉ።

ነቀፌታም አለን። ደራሲዋ ልማዱን ሁሉ ለማስረዳት ሲሉ ባለታሪኮቹ እርስ በርሳቸው የሚያውቁትን ነገር እንደ አስተማሪ እንዲነጋገሩ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ። ደግሞም የእንግሊዝ ባለሥልጣን ልጅ የሆነችው ወዳጇ አሊስ መገኘት የፐርቪንን መንገድ ከሚገባው በላይ ያቃናል።

ቢሆንም ጉድለቱ ዋናውን ቁም ነገር አያጠፋውም። የወንጀል ታሪክ ልማዱ «ገዳዩ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ መጽሐፍ ግን ከዚያ አስቀድሞ «እነዚህን ሴቶች ማን ጠየቃቸው?» ይላል። ደብዳቤው በስማቸው ተጽፎ ሳለ፥ ቃላቸውን ከራሳቸው አንደበት ለመስማት ደጃፋቸው ድረስ የሄደች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። በእኛ አስተያየት የፐርቪን ታላቅ ድፍረት ነፍሰ ገዳይን መከታተሏ ሳይሆን ይህን ጥያቄ ማንሣቷ ነው።